ውድድሩን የዋጠው መድረክ

በየዓመቱ ነሐሴ መግቢያ ላይ፣ ወደ 7,000 ሰው የሚኖርባት ስተርጂስ የምትባል የአሜሪካ ከተማ በሞተር ብስክሌት ትጥለቀለቃለች። ከተማዋ ደቡብ ዳኮታ ግዛት ውስጥ፣ ብላክ ሂልስ ከሚባሉት ተራሮች ሥር ናት። እ.ኤ.አ. በ2015 በዓሉ ለ75ኛ ጊዜ ሲከበር የግዛቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የመጣውን ሕዝብ ከ739,000 በላይ ገምቶታል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ይህን ያህል ሰው ተሰበሰበ ሲባል ሁሉም ቶሎ የሚጠይቀው ማን እንደዘፈነ ነው። መልሱም አይጠፋም፤ ዚዚ ቶፕ፣ ሊናርድ ስኪናርድ እየተባለ ይቆጠራል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። ከሰዓት በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ማንም በስማቸው ቲኬት ሳይገዛ ጊታርና ከበሯቸውን በፒክአፕ ጭነው መጥተው የሚጫወቱት የአገሬው ልጆች እዚህ ቦታ እንዴት ደረሱ?

ምክንያቱም መጀመሪያ ላይ ሙዚቃው የበዓሉ ጉዳይ አልነበረም። ክላረንስ ሆል የሚባል፣ ሰው ሁሉ «ፓፒ» የሚለው የስተርጂስ ሰው በ1936 የኢንዲያን ሞተር ብስክሌት መሸጫ ከፈተ። ከባልንጀሮቹ ጋር ጃክፓይን ጂፕሲስ የተባለ ክበብ አቋቋመ። ኦገስት 14 ቀን 1938 የመጀመሪያውን ውድድር አዘጋጁ፤ ተወዳዳሪዎቹ ዘጠኝ ነበሩ፣ ተመልካቹም ጥቂት። የዚያን ዘመን ትርኢት ልብ ያለው ሰው ሥራ ነበር። ሞተረኛው የጣውላ ግድግዳ ጥሶ ያልፋል፣ ከመወጣጫ ላይ ይዘላል፣ አልፎ ተርፎም ከመኪና ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። እንግዳ የሚያድረው ሆል ጓሮ ውስጥ በተተከለ ድንኳን ነው፤ ምግቡን የምታሰናዳው ሚስቱ ፐርል ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቤንዚን በራሽን ሲሆን በዓሉ ተቋረጠ፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ቀጠለ። ሰው የሚመጣው አቧራ ላይ የሚደረገውን ሩጫ ለማየት ነበር።

ሞተርና ሮክ የተጋቡት ከዚህ ሜዳ ርቆ ነው። ለንደን ውስጥ በዚያው በ1938 ኤስ ካፌ የሚባል የሾፌሮች ማረፊያ ተከፈተ። በጦርነቱ በቦምብ ፈርሶ በ1949 እንደገና ሲሠራ፣ ዋናው ጌጡ ሳንቲም እየጎረሰ ሸክላ የሚያጫውተው ጁክቦክስ ሆነ። የእንግሊዝ ሬዲዮ ሮክ ኤንድ ሮልን እንደ ልብ በማያሰማበት ዘመን፣ ወጣቱ የሚወደውን ዘፈን ለመስማት ሞተሩን አስነሥቶ ወደ ካፌው መሄድ ነበረበት። ሙዚቃውና ጉዞው አንድ ላይ የተሰፉት እንዲህ ባለ ቀላል ምክንያት ይመስለኛል።

በአሜሪካ በኩል አገናኙ ሲኒማ ነው። በ1947 ካሊፎርኒያ ሆሊስተር ላይ በተደረገ የሞተረኞች ስብሰባ የተነሣው ረብሻ በጋዜጣና በመጽሔት ተጋንኖ ወጣ፤ ከዚያ የተወለደው የማርሎን ብራንዶ ፊልም «ዘ ዋይልድ ዋን» በ1953 ታየ። ዛሬ ያን ፊልም የሚያይ ሰው ሮክ ይጠብቃል፤ የሚሰማው ግን ጃዝ ነው፣ ሮክ ገና ስሙም አልተተከለም ነበርና። ዐሥር ዓመት አለፍ ብሎ፣ በ1964፣ ሻንግሪላስ የተባሉት ሴት ልጆች ስለ አንድ ሞተረኛ ፍቅረኛ በዘፈኑት ዘፈን ውስጥ የሞተር ድምፅ ከነጩኸቱ ገባ። ከዚያ በ1969 «ኢዚ ራይደር» የተባለው የሞተረኞች ፊልም መጣ፤ ከአንድ ዓመት በፊት የወጣው፣ ስቴፐንዎልፍ የተባለው ባንድ ዘፈን «ቦርን ቱ ቢ ዋይልድ» ከፊልሙ ጋር ዓለምን ዞረ። ይህን ዘፈን ያዜመው ጆን ኬይ ከልጅነቱ ጀምሮ በሕግ ፊት እንደ ዓይነ ስውር የሚያስቆጥር የዓይን ሕመም ያለበት ሰው ነው። የሞተረኞች ሁሉ መዝሙር የተዘፈነው ሞተር ለመንዳት ዓይኑ በማይፈቅድለት ሰው አንደበት ነው።

በዚያው በ1969 መጨረሻ፣ ዲሴምበር 6፣ ትዳሩ ደም አየ። ሮሊንግ ስቶንስ የተባለው የሮክ ባንድ አባላት ካሊፎርኒያ አልታሞንት ላይ በነፃ ሲጫወቱ፣ ዝቅ ብሎ በተሠራው መድረክ ዙሪያ የቆሙት ሄልስ ኤንጅልስ የተባሉት የሞተር ክበብ አባላት ነበሩ፤ ዋጋቸው 500 ዶላር የሚያወጣ ቢራ እንደነበር ይነገራል። ሜረዲዝ ሃንተር የተባለ የ18 ዓመት ጥቁር ወጣት ሽጉጥ ይዞ ሳለ በአንደኛው አባል ተወግቶ ሞተ። ፍርድ ቤት ራሱን ለመከላከል ነው ብሎ ወጊውን በነፃ አሰናበተው። ሮክና ሞተር በአንድ ስፍራ ሲገናኙ የከተማ ሹማምንት ለረጅም ጊዜ የሚጨነቁት ያን ቀን እያሰቡ ነው።

ስተርጂስም በ1970ዎቹ ጭንቀቱ ደርሷታል። ሰዉ በዝቶ የከተማው መናፈሻ የድንኳን ሰፈር ሆነ፤ ስካሩና ረብሻው በረታ፣ መጸዳጃ ቤት እስከ ማቃጠል ተደረሰ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከተማው መናፈሻውን ለሰፈራ ዘጋው። እንግዳው ግን አልቀረም፤ ከከተማ ወጣ ብሎ በግል መሬት ላይ ሰፈረ። ከእነዚህ ሰፈሮች ስሙ የገነነው ባፋሎ ቺፕ ነው። የሰፈር ባለቤት ሰውን ሌሊቱን ሙሉ ግቢው ውስጥ ማቆየት ይፈልጋል፤ ለዚህ ደግሞ ከመድረክ የተሻለ ነገር አልተገኘም። የሩጫው ሜዳ ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም ዳር ያዘ። ዛሬ ስተርጂስ ደርሰው ከሚመለሱት ብዙዎቹ አንድም ውድድር አይተው እንደማይመለሱ ብወራረድ የምከስር አይመስለኝም።

በባፋሎ ቺፕ ተመልካቹ ከነሞተሩ መድረኩ ፊት ድረስ ይገባል። ዘፈን ሲያምረው ከማጨብጨብ ይልቅ ነዳጅ እየሰጠ ሞተሩን ያስጮኻል። ለትልልቆቹ ባንዶች ይህ ደስ የሚል ጭብጨባ ነው፤ ተራራ የሚያክል ስፒከር አላቸው። በዋናው ጎዳና ላይ፣ በሩ ወለል ብሎ በተከፈተ ቡና ቤት ውስጥ ለሚጫወተው የአካባቢው ባንድ ግን ጣጣ ነው። ሃርሊ የተባለው ሞተር ብስክሌት ሁለቱ ሲሊንደሮች በ45 ዲግሪ ተነጣጥለው አንድ ክራንክ ላይ ተገናኝተዋል፤ አንዱ ከፈነዳ በኋላ ሌላው እስኪፈነዳ ክራንኩ 315 ዲግሪ ይዞራል፣ ወደ መጀመሪያው ለመመለስ ደግሞ 405። እያነከሰ የሚሄደው ምት ከዚህ የመጣ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ዙር ሲዞር በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይፈነዳል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ፍሬት ሳይያዝ ሲመታም የሚርገበገበው በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ነው። እንግዲህ በር ላይ መቶ ሞተር እያለፈ ቤዝ የሚመታው ልጅ የራሱን ድምፅ ከመንገዱ ድምፅ መለየት አለበት። ብልህ የሆነ ቤዝ ተጫዋች ወደ ቀጫጭኖቹ ክሮች ይወጣል፤ ድራመሩም ጌጡን ትቶ ምቱን ብቻ አጥብቆ ይይዛል።

መድረኩ ላይ የሚታየው ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። አዝማሪ ቤት ገብቶ ማን ከየት እንደመጣ፣ ማን ሞቅ እንዳለው፣ ማን ሊሸልም እንደሚችል በዓይኑ እንደሚለካው ሁሉ፣ የስተርጂስ ልጅም ጃኬት ጀርባ ላይ የተሰፋውን የአገር ስም አንብቦ ሰላምታ ያቀርባል። ቴክሳስ ካየ የቴክሳስ ዘፈን ያስከትላል። ቡና ቤቱ ከበዓሉ የሚጠቀመው በሚሸጠው ቢራ ስለሆነ፣ የባንዱ ሥራ ሰውን ወንበሩ ላይ ማቆየት ነው። ይህ ሙያ ለከተማዋ ጥንታዊ ነው ማለት ይቻላል። በ1878 አጠገቧ ፎርት ሚድ የተባለው የጦር ሰፈር ሲሠራ፣ ስተርጂስ የምትኖረው ደመወዝ የተቀበለ ወታደር ኪስ በማራገፍ ነበር። ዛሬም ቢሆን የአካባቢው ባንድ ዓመቱን የሚገፋው ወደ 20 ኪሎ ሜትር በምትርቀው ዴድዉድ፣ ቁማር ከ1989 ጀምሮ በተፈቀደባቸው ቤቶች እየተጫወተ ጭምር ነው።

ከዚህ ትምህርት ቤት የወጡ አሉ። ጃስሚን ኬይን በዚያ አካባቢ ያደገች፣ ቤዝ እየመታች የምትዘፍን ሴት ናት፤ ናሽቪል ከገባች በኋላም ወደ በዓሉ መመለሷን አልተወችም። ጁድ ሁስ የተባለው የብላክ ሂልስ ባንድም የሚታወቀው ከዚሁ የቡና ቤት ሥራ ነው።

ጩኸቱ ጎረቤት አለው። ከከተማዋ በስተሰሜን ምሥራቅ ለብቻው የቆመው ተራራ፣ የምድሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ላኮታዎች ማቶ ፓሃ የሚሉት፣ ለእነርሱም ለቼየኖችም የጸሎትና የሱባዔ ቦታ ነው። በ2006 ከተራራው አቅራቢያ ግዙፍ ቡና ቤትና የሙዚቃ ሜዳ ሊሠራ ሲታቀድ፣ ከልዩ ልዩ ነገድ የመጡ ሰዎች ተሰብስበው ተቃወሙ። ተቃውሞው ከድምፅ በላይ ነበር። ብላክ ሂልስ በ1868 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተደረገው ውል ለላኮታዎች የተተወ ምድር ነው፤ በ1874 ወርቅ መኖሩ ሲወራ ውሉ ተጣሰ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1980 መሬቱ ያለ ተገቢ ካሳ መወሰዱን አረጋግጦ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፈላቸው ቢፈርድም፣ መሬታችንን እንጂ ብር አንፈልግም ብለው እስከ ዛሬ አልተቀበሉም። ጃኬት ጀርባ ላይ የላባ አክሊል ያደረገ የነባር አሜሪካዊ ሥዕል ሰፍቶ በዚያ ተራራ ሥር ሞተሩን የሚያስጮኸው ሰው ይህን ሁሉ ላያውቅ ይችላል። ሥዕሉን ግን ይወደዋል።

ሌላው ለውጥ ዕድሜ ነው። በሞተር ኢንዱስትሪው ጥናት መሠረት የአሜሪካ ሞተረኛ መካከለኛ ዕድሜ በ1990 32 ነበር፤ በ2018 50 ደርሷል። ባለ ሞተሩ ሲያረጅ ዘፈኑ አብሮት ቆመ። በ25 ዓመቱ መድረክ ላይ የወጣው ጊታሪስት ወላጆቹ ሳይወለዱ የተቀዱ ዘፈኖችን ከነሶሎአቸው፣ ኖታ ሳያጎድል እንዲጫወት ይጠበቃል። አንድ ጊዜ ወላጅ ያስደነገጠ ሙዚቃ አሁን አያት የሚያዝዘው ሆኗል። እኔ ይህን እንደ ውርደት አላየውም፤ አንድን ዘፈን በቀን አራት ጊዜ ሳይሰለቹ መጫወት ብዙ ኮከብ የማይችለው ሥራ ነው። ቢሆንም ልጆቹ የራሳቸው ዘፈን አላቸው፣ መሹለኪያውንም ያውቃሉ። ሁሉም የሚያውቀውን አንድ ዘፈን አስቀድመው፣ ሁሉም የሚያውቀውን ሌላ ዘፈን አስከትለው፣ የራሳቸውን መሐል ላይ ያስገቡታል፤ ስሙንም ሳይናገሩ፣ ባለ ቡና ቤቱ ቢራ በመቅዳት በተጠመደበት ሰዓት።