የኖርፎክ ደሴት እስረኞች

ወገኖች፣ ቤቱ የተሰበረበት ሰው «ይታሰርልኝ» ቢል አንፈርድበትም፤ እኛም እንላለን። ግን ደጋግሞ የሰረቀውን እስር ብቻውን ይመልሰዋል?

ብሪታንያ ወደ አውስትራሊያ ተግዘው እዚያም ዳግም የበደሉትን ወደ ኖርፎክ ደሴት ትልክ ነበር፤ ብዙዎቹ ሌቦች ነበሩ። የሚጠብቃቸው ጅራፍና የእግር ብረት ነው። በ1840 እ.ኤ.አ. አዛዥ ሆኖ የመጣው አሌክሳንደር ማኮኖኪ ግን ቅጣትን በዓመት ሳይሆን በነጥብ መቁጠር ጀመረ፤ እስረኛው በሥራውና በጠባዩ ነጥብ ያገኛል፣ ሲያጠፋ ይቀነስበታል። (ይህን ልቅነት አንለውም፤ ጳውሎስም የሰረቀ ሰው በእጁ እንዲሠራ ነው ያዘዘው።) በንግሥት ቪክቶሪያ ልደት ዕለት በሮቹን ከፈተላቸው፤ ሲመሽ በሰላም ተመለሱ።

ወንጀለኛ ያቀማጥላል ተባለና በ1844 ተነሣ። ጅራፉ ተመለሰ። በ1846 እስረኞቹ የማብሰያ ድስቶቻቸው ሲወሰዱባቸው ዐመፁ፤ 4 ሰዎች ገደሉ። በዚያው ዓመት 12 እስረኞች ተሰቀሉ።