አምስት የስንዴ ዛላና የስም መዝገብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በመጽሐፈ ሩት እንደምናነበው፣ ባዕድና ድሀ የነበረችው ሩት በቦዔዝ እርሻ ከአጫጆች ኋላ ስትቃርም የከለከላት አልነበረም። ቃርሚያ ለድሀና ለመጻተኛ እንዲተው ሕገ ኦሪት ያዝዝ ነበርና። ዛሬ የምናስታውሰው ግን መቃረም እስራትና ሞት ያመጣ የነበረበትን ዘመን ነው።

በዩክሬን ዋና ከተማ በኪየቭ፣ ከጥንታዊው የፔቼርስክ ላቭራ ገዳም አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተ የረሃብ መታሰቢያ ሙዚየም አለ። ወደዚያ ብትሄዱ አስቀድሞ የምታዩት በሻማ አምሳል የተሠራ ረጅም ነጭ ሐውልት ነው። ከፊቱ የከሳች ሕፃን ምስል ቆማለች፤ በእጇም አምስት የስንዴ ዛላ ይዛለች። ስለ ምን አምስት ሆነ? የሶቭየት መንግሥት እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን 1932 ያወጣው ሕግ የጋራ እርሻን ንብረት የሰረቀ በጥይት እንዲገደል፣ ቅጣቱ ቢቀልለትም ከ10 ዓመት ያላነሰ እንዲታሰር ደነገገ። ከታጨደ ማሳ ጥቂት ዛላ የለቀሙ ረሃብተኞችም በዚሁ ስለተቀጡ ሕዝቡ «የአምስት ዛላ ሕግ» ብሎ ጠራው።

ይህ ረሃብ ሰማይ ዝናም ስለ ከለከለ የመጣ አልነበረም። በስታሊን ዘመን ገበሬው መሬቱንና ከብቱን ለጋራ እርሻ እንዲያስረክብ ተገደደ፤ ሊሞላው የማይችል የእህል ኮታም ተጣለበት። ኮታውን ያልሞሉ መንደሮች በጥቁር መዝገብ ሰፍረው ሸቀጥ እንዳይገባላቸው ተደረገ። በ1933 መጀመሪያ ደግሞ ገበሬዎች ምግብ ፍለጋ ከዩክሬን እንዳይወጡ ተከለከሉ። እህሉ ግን ወደ ውጭ አገር መላኩ አልቆመም። ብዙ ተመራማሪዎች የሟቾቹን ቁጥር ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ይገምቱታል። ዩክሬናውያን ይህን መከራ «ሆሎዶሞር» ይሉታል፤ በረሃብ መግደል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ሁለተኛው ሞት መጣ፤ እርሱም ዝምታ ነው። በ1937 የተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የሰው ጉድለት ሲያሳይ ውጤቱ ተሰረዘ፤ ቆጠራውን ከመሩት መካከልም የተገደሉ አሉ። ለ50 ዓመታት ያህል መንግሥት ረሃቡን ካደ። ስለዚህ ከሙዚየሙ ቅርሶች ሁሉ ልብ የሚነካው የስም መዝገቡ ነው። በየመንደሩ እየተጠየቀ፣ በየቤተ መዛግብቱ እየተፈለገ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሟቾች ስም በብዙ ቅጾች ተጽፏል።

ልብ በሉ! ጌታችን በአስተማረው ምሳሌ የባለጸጋው ስም አልተነገረም፤ ፍርፋሪ የተመኘው ድሀ ግን አልዓዛር ተብሎ ተጠርቷል። ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችንም በጸሎተ ፍትሐት ሟቹን በክርስትና ስሙ የምታስበው በእግዚአብሔር ዘንድ ሰው ቁጥር ስላልሆነ ነው።

ይህ ነገር ከእኛ ሩቅ አይደለም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረሃብ መነሻው ድርቅ ቢሆንም በጊዜው ከሕዝብ ተሸሽጎ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ያለቁትም በመቶ ሺዎች ይቆጠራሉ። እኛ ግን ከቁጥሩ በቀር የስንቱን ስም እናውቃለን?

ዩክሬናውያን በየዓመቱ በኖቬምበር አራተኛው ቅዳሜ ሙታናቸውን እያሰቡ በመስኮታቸው ሻማ ያበራሉ። ዕለቱ የእኛ ጾመ ነቢያት ከሚገባበት ኅዳር 15 ብዙም አይርቅም። እንግዲህ በመጪው ጾም ወደ አያቶቻችሁ ቀርባችሁ በክፉ ቀን ከቤታችሁ ማን እንደ ጎደለ ጠይቁ። የክርስትና ስማቸውንም ጽፋችሁ ለንስሐ አባቶቻችሁ ስጡ፤ በጸሎት ይታሰቡ ዘንድ። የሚያስታውሱት አረጋውያን ሳያልፉ ይህን እናድርግ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።