ውሃ ያልፈጨው እህል
የአንኮበር የውሃ ወፍጮና የመንዝ የድንጋይ ወፍጮ ታሪክ

የአንድ ሕዝብ ታሪክ በቤተ መንግሥትና በጦር ሜዳ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። በየጓዳው፣ በየምድጃው ዳርና በየወንዙ ግርጌ የሚፈጸም ታሪክም አለ። ነገሥታቱን ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች ተከትለዋቸዋል፤ ወፍጮን ግን ማንም ብዕር ይዞ አልተከተለውም። ይሁን እንጂ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ከቆሎና ከንፍሮ በስተቀር ወፍጮ ሳይነካው ለገበታ የሚደርስ እህል የለም ማለት ይቻላል። እንጀራውም፣ በሶውም፣ ሽሮውም፣ የጠላው ቂጣም መነሻቸው ወፍጮ ነው። ስለዚህ የወፍጮን ታሪክ መመርመር የኅብረተሰቡን ኑሮ ከሥሩ መመርመር ነው።

በቅድሚያ አገሩን እንመልከት። መንዝ በደቡብ በሞፈር ውሃ፣ በምዕራብ በአዳባይና በወንጭት፣ በሰሜን በቀጭኔ ወንዝ የተከበበ፣ በምሥራቅ ደግሞ ወደ ቆላ ቁልቁል በሚወርድ የተራራ ሰንሰለት የታጠረ ደጋ ነው። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው የጓሳ ምድር ዝናቡንና ጭጋጉን እንደ ስፖንጅ መጥጦ ለብዙ ምንጮች ያካፍላል። ወንዞቹ ግን ሕዝቡ በሚኖርበት ሜዳ ላይ ብዙ አይቆዩም፤ ገደሉን ሰንጥቀው ወደ ጀማና ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። በክረምት ድንጋይ የሚያንከባልሉት እነዚሁ ወንዞች በበጋ ይመነምናሉ። ውሃው ኃይል አለው፤ ኃይሉ ግን ከመንደሩ ርቆ በገደል ውስጥ ነው። ይህን ልብ ማለት ለኋላው ነገር ይጠቅማል።

በዚህ አገር እህልን ዱቄት ሲያደርግ የኖረው የድንጋይ ወፍጮ ነው። ሥሪቱ ቀላል ይመስላል። ሰፊው ወፍጮ በጭቃ መደብ ላይ በመጠኑ ዘንበል ብሎ ይቀመጣል፤ በሁለት እጅ የሚያዘው መጅ በላዩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይነዳል፤ ዱቄቱም ከታች ባለው ቋት ይጠራቀማል። ቀላል የሚመስለው ግን ብዙ ዕውቀት ያዘለ ነው። ለወፍጮ የሚሆነው ድንጋይ ተመርጦ ይወጣል፤ ሲልም ይወቀራል። ባቄላው ይከካል፣ ገብሱ መጀመሪያ ይሸረከታል፣ ቀጥሎ ይፈጫል፣ ለላመ ዱቄት ደግሞ ይሰለቃል። ለእያንዳንዱ ደረጃ ቋንቋው የተለየ ቃል ማዘጋጀቱ ሥራው ምን ያህል የተራቀቀ እንደ ነበር ያስረዳል።

ይህን ሁሉ የሚሠራው ማን ነበር? ሴት ናት። እናት ከሌሊቱ ተነሥታ ትፈጫለች፤ ልጅቱ ክንዷ ሲጠና ትተካታለች፤ ምራቲቱም ወደ አማቶቿ ቤት ስትገባ ከሚጠብቋት ሥራዎች ቀዳሚው ይኸው ነው። በባላባቱና በመኳንንቱ ቤት ሸክሙ የሚወድቀው በባርነት በተያዙ ሴቶች ላይ ነበር። ጦር ሲዘምትም ወፍጮው አብሮ ይዘምታል። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የተመመውን ሠራዊት የመገቡት ስንቅና ወፍጮ ተሸክመው የተከተሉት ሴቶች ናቸው። ድሉ ሲነገር የመጅ ድምፅ አብሮ የሚነገረው ግን ጥቂት ጊዜ ነው።

ታዲያ ውሃ ይህን ሸክም እንዲያቀል የተሞከረበት ጊዜ አልነበረምን? ነበር። ከመንዝ የተነሣው የሸዋ ሥርወ መንግሥት መናገሻውን በአንኮበር ካጸና በኋላ፣ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የውጭ ጥበብ ወዳድ ነበሩ። በዘመናቸው ዲሜትሪዮስ የሚባል ከውጭ የመጣ ባለእጅ የውሃ ወፍጮ ሠራላቸው። ወፍጮው ግን ብዙ አላገለገለም። በዚያን ጊዜ ሸዋን የጎበኙ አውሮፓውያን እንደ ጻፉት ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ስላወገዙት ቆመ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የአጉል እምነትን ኃይል ለማሳየት ነው። ነገር ግን ምክንያቱን በካህናቱ ውግዘት ብቻ መወሰን ነገሩን ከላይ ከላይ መመልከት ነው። እነዚያው ካህናት ባሉበት አገር ከባሕር ማዶ የመጣው ጠመንጃ ያለ እንቅፋት ገብቷል። ጠመንጃ ለንጉሡ የሚሰጠው ጥቅም ግልጽ ነበርና ውግዘት አላገደውም። የውሃ ወፍጮ ግን ለንጉሡ ምን ይጨምርላቸዋል? በቤተ መንግሥቱ እህሉን የሚፈጩት ደመወዝ የማይከፈላቸው ሴቶች ናቸው። ጌታው የማይከፍልበትን ጉልበት ለመተካት ቦይ ማስቆፈር፣ መንኮራኩር ማስጠገንና ባለእጅ መቀለብ ትርፉ አይታየውም። ድካሙ የሚቀልላቸው ፈጪዎቹ ናቸው፤ እነርሱ ደግሞ ይቁም ወይም ይቀጥል ለማለት ሥልጣን አልነበራቸውም። እንግዲህ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የአንኮበር ወፍጮ ተከራካሪ ያጣው ውሃ ስላነሰው ሳይሆን የሴት ጉልበት ዋጋ እንደሌለው ይቆጠር ስለ ነበር ነው።

የውሃ ወፍጮ አሠራር ከአገሬው ችሎታ በላይ አልነበረም። የቀላሉ ዐይነት ወንዙን ከላይ ጠልፎ በቦይ ያመጣዋል፤ ውሃው በአሸንዳ ቁልቁል ተወርውሮ በአግድም የተቀመጠውን መንኮራኩር ክንፎች ይመታል፤ ከመንኮራኩሩ ቀጥ ብሎ የወጣው ዘንግ ደግሞ የላይኛውን ክብ ድንጋይ ያዞራል። ጥርስ ያለው ማሽን አያሻውም። የዚህ ዐይነቱ ወፍጮ በሌሎች የኢትዮጵያ ክፍሎች፣ በተለይም የዓመት ሙሉ ጅረት ባለበት በምዕራቡ አገር፣ ሥር ሰድዶ አገልግሏል። በመንዝና በመርሐቤቴ ግን ከላይ እንደ ተመለከትነው ወንዙ ገደል ውስጥ ነው። እህል ተሸክሞ ገደል መውረድና ዱቄት ተሸክሞ ገደል መውጣት እንደ ገና የሴቲቱን ጀርባ ይጠይቃል። የመልክዓ ምድሩ ፈተናና የኅብረተሰቡ ሥርዓት በዚህ ቦታ ተደጋግፈው ቆሙ።

ነገሩን በሰፊው ለማየት ወደ ሌላው ዓለም እንሻገር። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ገደማ የተሰሎንቄው ባለቅኔ አንቲፓጥሮስ የውሃ ወፍጮን ሲያወድስ ያበሠረው ለፈጪ ሴቶች ነበር፤ ከእንግዲህ እጃቸው ይረፍ፣ እንቅልፋቸውንም ይጥገቡ የሚል መልእክት ነበረው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1086 የተካሄደው የንጉሡ የርስት ቆጠራ ወደ 6,000 የሚጠጉ ወፍጮዎችን መዝግቧል። እዚያ ግን ወፍጮው የባለርስቱ ንብረት ስለ ነበር ገበሬው ሁሉ እህሉን በዚያ እያስፈጨ ቀረጥ እንዲከፍል ይገደድ ነበር። በሴንት አልባንስ ገዳም በ14ኛው መቶ ዓመት አበምኔቱ የገበሬዎቹን የእጅ ወፍጮዎች ነጥቆ የገዳሙን ወለል አስነጠፈባቸው። እ.ኤ.አ. በ1381 ገበሬዎች ባመፁ ጊዜ ወለሉን ቆፍረው ድንጋዮቹን አወጡ። በእንግሊዝ የእጅ ወፍጮ የነፃነት ምልክት ሆነ፤ በሸዋ ደግሞ የባርነት ሸክም ነበር። ወፍጮ በራሱ ጨቋኝ ወይም ነፃ አውጪ አይደለም፤ ወሳኙ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነና የሚደክመው ማን እንደ ሆነ ነው።

የእንግሊዝ የውሃ ወፍጮዎችም በተራቸው ወደቁ። ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በየወደቡ የተተከሉት የብረት ወፍጮዎች የወንዝ ዳሮቹን ባዶ አስቀሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1877 በዊልያም ሞሪስ መሪነት የተመሠረተው የጥንታዊ ሕንፃዎች ጠባቂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1931 የነፋስ ወፍጮዎችን የሚከታተል ክፍል አቋቋመ፤ በኋላም የውሃ ወፍጮዎች በዚሁ ተካተቱ። ከዚህ ሥራ የተገኘው ትልቁ ትምህርት መንኮራኩሩን መጠገን ብቻ እንደማይበቃ ነው። ድንጋዩን መውቀር፣ ውሃውን መመጠን፣ የዱቄቱን ልመት በጣት መለየት የሚያውቅ ሰው ከጠፋ ወፍጮው ሬሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ዩኔስኮ ከኔዘርላንድ ያስመዘገበው ቅርስም ሕንፃው ሳይሆን የወፍጮ አንቀሳቃሹ ሙያ ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ከተሻረ በኋላም የድንጋይ ወፍጮ ከገበሬው ቤት አልወጣም። ያስወጣው የሞተር ወፍጮ ነው። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ የገበሬ ማኅበራትና የሴቶች ማኅበራት ወፍጮ ቤት መክፈልን ሳይሆን መክፈትን እንደ ትልቅ የልማት ሥራ ቆጠሩት፤ ትክክልም ነበሩ። ሴቲቱ ከመጅ ተላቀቀች። በአንጻሩ ወፍጮው ከመደቡ ተነቅሎ የደጃፍ መርገጫ ወይም የግንብ ድንጋይ ሆነ። በፈጪዎቹ አፍ የኖረው እንጉርጉሮም የሚዜምበት ሌሊት አጣ።

ስለዚህ ጥያቄው ወደ ድንጋዩ እንመለስ አይደለም። የእናቶቻችንን ድካም እንደ ጌጥ ናፍቆ መልሱልን ማለት በድካማቸው ላይ መቀለድ ነው። ጥያቄው ያ ድካም ያለ ምስክር ይለፍ ወይስ አይለፍ የሚለው ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ለቅርስ የሰጠው ትርጉም ሰፊ ነው፤ ኢትዮጵያም የማይዳሰሱ ቅርሶችን ስምምነት በ1998 ዓ.ም. አጽድቃለች። ወፍጮና መጅ፣ ወቀራና እንጉርጉሮ በዚህ ውስጥ ቦታ ያላቸው ናቸው። የሚያስፈልገው ሕግ ሳይሆን ሥራ ነው።

ሥራውም ለመንዝ ሰው ባዕድ አይደለም። የጓሳን ምድር በአጽመ ርስት ሥርዓት ለዘመናት ጠብቆ ያቆየ፣ ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. ከፈረሰ በኋላም መልሶ የጥበቃ ደንብ ያወጣ ሕዝብ ነው። ሣሩን እንደ ጠበቀ ድንጋዩንም ሊጠብቅ ይችላል። በየትምህርት ቤቱ ጥግ አንድ ወፍጮ ከነመደቡና ከነቋቱ ይቁም። ተማሪዎች አያቶቻቸውን ጠይቀው የድንጋዩን ስም፣ የሚወጣበትን ቦታ፣ የፈጪዎቹን ዜማ ይመዝግቡ። በአንኮበርም የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ለጎብኚ ሲተረክ ስለ ቆመው ወፍጮ አብሮ ይተረክ፤ ከንጉሡ ስምና ከባለእጁ ስም ቀጥሎ ስማቸው ያልተጻፈው ፈጪዎች ይነሡ።

እነዚያን ሌሊቶች የሚያስታውሱ እናቶች ዛሬ በዕድሜ ገፍተዋል። ድንጋዩ ይቆያል፤ ድንጋይ አይሞትም። የድንጋዩን ቋንቋ የሚያውቁት ግን አይቆዩም። መዝጋቢው መቸኮል ያለበት ለድንጋዩ ሳይሆን ለእነርሱ ነው።