ድራይ ኒድሊንግ ምንድነው? ወገብና ትከሻ ለሚያማችሁ ሁሉ

ታከርና ክላርክስተን አካባቢ ያለው ወገናችን ብዙው የጉልበት ሥራ ላይ ነው። ኡበር ወይም ትራክ የሚነዳው ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል፣ ዌርሃውስ ያለው ዕቃ ያነሳል፣ ነርሲንግ ሆም የምትሠራዋ በሽተኛ ታገላብጣለች። ማታ ሲሆን "ትከሻዬን ጨምድዶ ያዘኝ" ማለት የተለመደ ነው። አገር ቤት ቢሆን ወጌሻ ዘንድ ይኬድ ነበር። እዚህ ፊዚካል ቴራፒ ስትሄዱ ግን "ድራይ ኒድሊንግ እንሥራልህ?" ልትባሉ ትችላላችሁ። ታዲያ ምንድነው? ያድናል ወይ? አደጋስ አለው?

መርፌው መድኃኒት የለውም

እኛ ዘንድ መርፌ ከኪኒን ይበልጣል የሚል እምነት አለ። ይሄኛው መርፌ ግን ምንም መድኃኒት አይዝም፤ "ደረቅ መርፌ" የተባለውም ለዚህ ነው። ባለሙያው በጣቱ ዳስሶ በጡንቻው ውስጥ የተቋጠረውን ቦታ ያገኛል። ይህ ቋጠሮ ትሪገር ፖይንት ይባላል። ሲጫኑት ሕመሙ ወደ ሌላ ቦታም ይሄዳል፤ ለምሳሌ የትከሻ ቋጠሮ ራስ ምታት ሊሆን ይችላል። ቀጭኑ መርፌ ቋጠሮውን ሲነካው ጡንቻው ለቅጽበት ዘለል ይላል፣ ከዚያ ይላላል።

ስለ ትሪገር ፖይንት በሰፊው ያጠኑት የፕሬዝዳንት ኬኔዲ ሐኪም የነበሩት ዶክተር ጃኔት ትራቬል ናቸው። በ1979 ደግሞ ካሬል ሌዊት የተባሉ የቼክ ሐኪም ሕመሙን የሚያስታግሰው መድኃኒቱ ብቻ ሳይሆን የመርፌው መውጋት ራሱ መሆኑን ጻፉ።

አኩፓንቸር ነው እንዴ? መርፌው ይመሳሰላል፣ መንገዱ ግን ይለያል። አኩፓንቸር የቻይናን ባህላዊ ሕክምና ሲከተል፣ ይሄኛው የሚከተለው የጡንቻን አቀማመጥ ነው።

ያድናል ወይ?

በ2017 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ጽሑፍ እንዳሳየው፣ ምንም ካለማድረግ ወይም ከማስመሰያ ሕክምና ይልቅ እስከ 12 ሳምንት ድረስ ሕመም ይቀንሳል። የማስረጃው ጥንካሬ ግን በጣም ከዝቅተኛ እስከ መካከለኛ ነው። ሰውነትን በማንቀሳቀስ አቅም ረገድም ከሌላው የፊዚካል ቴራፒ ሕክምና በልጦ አልተገኘም።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው፦ መርፌው ፋታ ይሰጣል እንጂ በሽታውን አይነቅልም። በዚያ ፋታ ውስጥ ስፖርቱን ካልሠራችሁ፣ የመኪናውን ወንበር ካላስተካከላችሁ፣ ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል። በየሳምንቱ እየወጋ ስፖርት የማያሳያችሁ ባለሙያ ካጋጠማችሁ "ለምን?" በሉ።

ሕጉና ክፍያው

ጆርጂያ ከ2011 ጀምሮ ፊዚካል ቴራፒስቶች ይህን ሕክምና እንዲሰጡ በሕግ ፈቅዳለች። ካሊፎርኒያ ግን አትፈቅድላቸውም። ስለዚህ ሌላ ስቴት ያለ ዘመድ "እኛ ጋ የለም" ቢላችሁ አይግረማችሁ። ሜዲኬር ከጥር 2020 ጀምሮ የሚሸፍነው 12 ሳምንትና ከዚያ በላይ ለቆየ የወገብ ሕመም ብቻ ነው፤ እሱም የሚሰጠው ባለሙያ መስፈርቱን ሲያሟላ። መርፌው ከመግባቱ በፊት "ኢንሹራንሴ ይከፍላል? የሐኪም ወረቀት ያስፈልጋል?" ብላችሁ ጠይቁ።

አደጋው

አየርላንድ ውስጥ ከ7,600 በላይ ሕክምናዎች ተከታትለው ነበር። መበለዝ በ7.5 ከመቶ ገደማ፣ መድማት ደግሞ ከ5 ከመቶ በታች ታይቷል፤ ከባድ ጉዳት አልተመዘገበም። ሆኖም ትከሻ፣ አንገትና ጀርባ ላይ ሲወጋ ሳንባ ሊበሳ ይችላል፤ እምብዛም አያጋጥምም፣ ግን ያጋጥማል። ከሕክምናው በኋላ፣ ከሰዓታት በኋላም ቢሆን፣ ደረት ከወጋችሁ ወይም ትንፋሽ ካጠራችሁ 911 ደውሉ። "ነገ ይሻለኛል" አይባልም።

ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ ወይም መርፌ ስታዩ የሚያዞራችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። አማርኛ አስተርጓሚ ካስፈለጋችሁ ጠይቁ፤ "እሺ፣ እሺ" ብሎ መውጣት ይጎዳል።

ለመርፌ የማይሆን ሕመም

ወገብ ሲያም እግር ከዛለ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ እንዲሁም ትከሻና ክንድ ከደረት ሕመምና ከላብ ጋር ከመጣ፣ ጉዳዩ የጡንቻ ላይሆን ይችላል። ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ይህ ጽሑፍ መረጃ ነው፤ የራሳችሁን ሐኪም አይተካም። ወገቡን ለሚያመው ሾፌር ወዳጃችሁ ላኩለት።