ሥዕል በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፦ የአንድ የቅዳሜ ክፍል ታሪክ

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ስለ ሕክምና ትምህርት ቤታችን ትዝታ ጻፊልን ሲሉኝ እሺ ብዬ ነበር። ቁጭ ስል ግን የመጣልኝ የሥዕል ትምህርት ነው። ታገሱኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ እኛው ግቢ ይገባል።

በ1988 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ፕሮግራማችን ላይ ሥዕል የሚባል ትምህርት አልነበረም። ሰዓሊ ግን ነበረን። አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመረቁ ናቸው፤ የሥራ መደባቸው ግን የትምህርት መርጃ መሣሪያ ማዘጋጃ ክፍል ነበር። ለጂኦግራፊ ካርታ፣ ለባዮሎጂ ልብና ኩላሊት በከረጢት ላይ ይስላሉ። እኛ «ቲቸር» እንላቸው ነበር፣ ከተማው ደግሞ «ሰዓሊው»።

ቅዳሜ ጠዋት ያችን ክፍል ከፍተው ለፈለገ ተማሪ ያስተምራሉ። ደመወዝ የለው፣ ማርክ የለው። እርሳስ ከቤት እናመጣለን፤ ወረቀቱ ያለፈ ዓመት የፈተና ወረቀት ጀርባ ነው። የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ያሳሉን አንድ ጀበና ብቻ ነበር። እኔ እጀታውን ሁሌ በቀኝ በኩል አደርገዋለሁ፤ የቤታችን ጀበና እንደዚያ ነው የሚቀመጠው። «የምታውቂውን ጀበና ተዪው» ይሉኛል፣ «ፊትሽ ያለውን ሳዪ።»

እኚህ ሰው እንዴት እዚያች ክፍል እንደደረሱ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። በአገራችን ሥዕል ለዘመናት የተላለፈው ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ነበር፤ ልጁ ቀለም እየበጠበጠ፣ የመምህሩን ንድፍ እየገለበጠ ያድጋል። የገብረ ክርስቶስ ደስታ አባት ብራና የሚጽፉና በሥዕል የሚያስጌጡ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ ግን ጎበዝ ተማሪ ወደ ሥዕል የሚደርሰው ከሌላ መንገድ አምልጦ ሆነ። አፈወርቅ ተክሌ በ1940 ዓ.ም. ገደማ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። ገብረ ክርስቶስም ቢሆኑ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሳይንስ ትምህርት ጀምረው ትተው ነው በኋላ ጀርመን፣ ኮሎኝ ሄደው ሥዕል የተማሩት።

አለ ፈለገሰላም ቺካጎ ተምረው ከተመለሱ በኋላ በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ሲመሠርቱ ነው ለሥዕል ፍቅር ላለው ልጅ የሚያንኳኳው በር የተገኘው። ገብረ ክርስቶስና እስክንድር ቦጎሲያን አስተማሩበት። ስማቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ በር ወጥተው እንደ ቲቸር በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤት የተቀመጡትን ግን ማን ያውቃቸዋል? የኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። ከላይ ትምህርት ቤቱ ቆመ፤ ከታች የሚያደርሰው ደረጃ አልተሠራም። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በኋላም ሥዕል በመጀመሪያ ደረጃ ሲቀር፣ ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ውስጥ ቦታ አላገኘም። መሰናዶ ላይ ቴክኒካል ድሮዊንግ ነበር፤ እሱ የማስመሪያ ሥራ ነው። እጁ ለመታዘዝ፣ ዓይኑም ለማስተዋል በሚደርስበት ዕድሜ ልጁን «በቃህ» አልነው።

እኔም በቃኝ ካሉት አንዷ ነኝ። አሥራ አንደኛ ክፍል ስገባ አባቴ «ማትሪክ እያለ ምን ሥዕል አመጣው?» አለኝ። ቀረሁ። ለቲቸር እንኳ ሳልነግራቸው።

ጥቁር አንበሳ አናቶሚ ስንጀምር ግን ያቺ ክፍል ተከትላኝ መጣች። ክንድን የሚያንቀሳቅሱት ነርቮች ከአንገት ወጥተው እንዴት እንደሚጣመሩና እንደሚለያዩ ጓደኞቼ በቃል ሲያጠኑ እኔ ደጋግሜ ሳልኩት። በፈተና ሰሞን ደብተሬ ከመኝታ ክፍል መኝታ ክፍል ሲዞር ከረመ፣ የቡና ጠብታ ይዞም ተመለሰ። ከሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ግን መሳሉ አይደለም፤ ማየቱ ነው። ታካሚ በር ላይ ሲደርስ ዓይኑ ነጭ ላይ ያለች ትንሽ ብጫ፣ ጫፉ ያበጠ ጣት፣ አንዱ ትከሻ ከሌላው ዝቅ ማለቱ። የማውቀውን ሰውነት ትቼ ፊቴ ያለውን እንዳይ ያስተማረኝ ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

በተመረቅኩ ዓመት ደብተሩን ይዤ ሄድኩላቸው። ጡረታ ወጥተዋል፤ ክፍሏ የተሰባበረ ዴስክ ማከማቻ ሆናለች። ይቅርታ ልጠይቃቸው ያሰብኩትን ንግግር ገና ሳልጀምር መነጽራቸውን አድርገው ገጾቹን አንድ በአንድ አዩ። የልቡ ሥዕል ላይ ሲደርሱ ቆሙና «ብርሃኑ ከየት ነው የመጣው?» አሉኝ። ጥላውን በሁለቱም በኩል አድርጌው ኖሯል!

የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ በ1990ዎቹ ወደ ዩኒቨርሲቲያችን ተጠቃልሎ ዛሬ በአለ ስም ይጠራል። ስለዚህ በዚህ የምሩቃን በዓል ላይ ሐኪሙና ሰዓሊው አንድ አዳራሽ ነን። ልጄ አሥረኛ ክፍል ናት፤ ትምህርት ቤቷ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ክፍል ሊከፍትልን ፈቃደኛ ሆኗል። ሁለት ሰዓት ጊዜውን የሚሰጥ ሰዓሊ ከመካከላችሁ ካለ በምሳ ሰዓት ይፈልገኝ። ወረቀቱንና እርሳሱን እኔ እችላለሁ። ጀበናም አለኝ።