ከሠርጉ በኋላ ያለው ገጽ፦ የሴትና የሴት ፍቅር በጃፓን ማንጋ

በ1957 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ጃፓናዊቷ ደራሲ ዮሺያ ኖቡኮ ሞንማ ቺዮ የምትባል ሴት በሕግ የማደጎ ልጅ አድርጋ አስመዘገበች። ደራሲዋ ያኔ 61 ዓመቷ ነበር፤ “ልጇ” በዕድሜ ብዙም አታንሳትም። ሁለቱ የተዋወቁት በ1923 ሲሆን፣ ሞንማ በቶኪዮ የሴቶች ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህርት ነበረች። ከዚያ በኋላ ዮሺያ በ1973 እስክትሞት ድረስ አልተለያዩም። ሴት ከሴት ጋር መጋባት በማይፈቀድበት አገር፣ አንዷ ሌላዋን በሕግ ቤተሰቧ ለማድረግና ለማውረስ ያገኙት መንገድ ማደጎ ብቻ ነበር። የጃፓን ሕግ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን ዛሬም አያውቅም።

በሴቶች መካከል ያለን ፍቅር የሚተርኩትን፣ ጃፓኖች “ዩሪ” የሚሏቸውን ማንጋዎች (በሥዕል የሚተረኩ የጃፓን መጻሕፍት) ማንበብ ለሚፈልግ ሰው ከየትኛውም ርዕስ በፊት የዮሺያን ስም የምጠራው ያለ ምክንያት አይደለም። እነዚህ ማንጋዎች ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ክርክር ይዘዋል፤ ክርክሩም ታሪኩ የት ያልቃል የሚል ነው።

ነገሩ የተጀመረው በትምህርት ቤት ነው። በ1899 የወጣ ሕግ እያንዳንዱ አውራጃ ቢያንስ አንድ የሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲኖረው አዘዘ። ልጃገረዶች ከየቤታቸው ወጥተው ዓመታትን አብረው ማሳለፍ ጀመሩ። የሚያነቧቸው መጽሔቶችም ተበራከቱ። በታላላቆችና በታናናሾች ተማሪዎች መካከል ደብዳቤና ስጦታ የሚለዋወጡበት ጥልቅ ፍቅር ተለመደ፤ “ኤስ” ይሉት ነበር። ብዙ ወላጆችና መምህራን አይተው ያልፉት ነበር፤ ትምህርት ሲያበቃ፣ ባል ሲመጣ ያልቃል ብለው ያምኑ ስለነበር ነው። ፍቅሩ የተፈቀደው እንዲያልፍ ተደርጎ ነው። ለኔ ይህ ከክልከላ ያላነሰ ጭካኔ ነው።

ዮሺያ ከ1916 ጀምሮ “የአበባ ተረኮች” በሚል ርዕስ በልጃገረዶች መጽሔት ላይ ያወጣቻቸው 52 አጫጭር ታሪኮች የዚህ ዓለም ናቸው። እያንዳንዱ በአንድ አበባ ስም ተሰይሟል፤ አብዛኞቹ በመለያየትና በናፍቆት ይዘጋሉ። በኋላ ታሪኮቹን በሥዕል ያስጌጠው ናካሃራ ጁንኢቺ ነው፤ እሱ የሣላቸው ትልልቅ ዓይን ያላቸው ልጃገረዶች ለዛሬው የልጃገረዶች ማንጋ መልክ መሠረት ከጣሉት መካከል ናቸው። ደራሲዋ ግን በራሷ ሕይወት ያንን መጨረሻ አልተቀበለችም። ፀጉሯን አጭር ተቆርጣ፣ በብዕሯ በሠራችው ገንዘብ ቤት አሠርታ፣ ከወደደቻት ሴት ጋር አረጀች። በካማኩራ ከተማ ያለው የመጨረሻ ቤቷ ዛሬ በስሟ መታሰቢያ ነው።

ወደ ማንጋ ስንመጣ፣ ብዙዎች የመጀመሪያው የሚሉት ያማጊሺ ርዮኮ በ1971 ያሳተመችው “በነጩ ክፍል ያሉ ሁለቱ” ነው። ታሪኩ የተቀመጠው በፈረንሳይ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ወላጆቿን ያጣችው ሬዚን ኃይለኛዋን ሲሞንን ትወዳለች፤ ወሬ ሲነሳ ፈርታ ትሸሻለች፤ ሲሞን ትሞታለች። ይህን ዘመን ማቃለል አይገባም። የልጃገረዶችን ማንጋ ለረጅም ጊዜ በብዛት ይሥሉት የነበሩት ወንዶች ነበሩ፤ የያማጊሺ ትውልድ ሴቶች ናቸው ብዕሩን ተረክበው ስለ ፍትወትና ስለ ሞት በድፍረት መሣል የጀመሩት። ያም ሆኖ ከፍቅረኞቹ አንዷ መሞት ወይም መሄድ አለባት የሚለው ልማድ ለዓመታት ቀጠለ። በ1990ዎቹ ታኬኡቺ ናኦኮ በ“ሴለር ሙን” ውስጥ ሃሩካንና ሚቺሩን በሕይወት ያሉ፣ የሚደነቁና የሚዋደዱ ጥንዶች አድርጋ አቀረበቻቸው። ከማንጋው የተሠራው የካርቱን ፊልም ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም ግን ሁለቱ የአክስት ልጆች ናቸው ተባለ።

ከሁሉ አስቀድሜ የማስነብበው የሺሙራ ታካኮ “ሰማያዊ አበባ” ነው፤ ከ2004 እስከ 2013 በተከታታይ ወጥቶ በ8 ቅጽ ተጠናቋል። ፉሚ ረጅም፣ ዓይነ አፋር፣ እንባዋ ቅርብ የሆነ ልጅ ናት፤ ከዓመታት በኋላ ወደ ካማኩራ ተመልሳ የልጅነት ጓደኛዋን አኪራን ታገኛለች። ፉሚ ቀድሞ የወደደቻት ዘመዷ ቺዙ ግን ልታገባ ነው። እዚህ ላይ የሺሙራን ብልሃት አስተውሉ፦ የድሮዎቹ ታሪኮች የሚያበቁበት ሠርግ እዚህ መግቢያ ነው። የተተወችው ልጅ አትሞትም። ታለቅሳለች፣ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ እንደገና ትወዳለች፣ ለአኪራም እኔ ሴት ነው የምወደው ብላ በግልጽ ትነግራታለች። ሥዕሉ ባዶ ቦታ የሚያበዛ፣ ፀጥ ያለ ነው፤ ከቃል ይልቅ ፊትን ማንበብ ይጠይቃል። ቸኩሎ የሚያነብ ሰው ብዙ ያመልጠዋል።

የናካታኒ ኒዮ “ቀስ በቀስ አንቺን ትሆናለች” (2015–2019) ከዚህ ይከተል። ዩ ፍቅር የሚባለው ስሜት ለምን ወደ እሷ እንደማይመጣ ግራ የገባት ተማሪ ናት፤ ቶኮ ደግሞ የምትወዳት ዩ መልሳ እስካልወደደቻት ድረስ ብቻ ነው። ስለ ራስ ጥላቻ እንዲህ በጥንቃቄ የተሠራ የወጣቶች ታሪክ ብዙ አላነበብኩም። የናጋታ ካቢ የ2016 ግለ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ድባቴን፣ የአመጋገብ ሕመምንና ብቸኝነትን ያለ መጋረጃ ያሳያል። ልብ የሚያደክም ስለሆነ ለመጀመሪያ ንባብ አልመክረውም፤ በ2018 በአሜሪካ የሃርቪ ሽልማት ያገኘው ግን በሚገባ ነው።

ትምህርት ቤት የሰለቸው አንባቢ የዩዛኪ ሳካኦሚን “መሥራት የምትወድ ሴትና መብላት የምትወድ ሴት” ያንብብ። ኖሞቶ ወጥ ቤት ገብታ በብዛት ማብሰል ትወዳለች፤ ብዙ መብላት ግን አትችልም። ለሥራ የያዘችውን ምሳ ያየ ባልደረባዋ የምታበስለው ለወንድ እንደሆነ አድርጎ ሲያወራ ትናደዳለች፤ የምታበስለው ለራሷ ደስታ ነው። በዚያው ፎቅ የምትኖረው ካሱጋ የቀረበላትን ሁሉ ጠርጋ ትበላለች። ሁለቱም ሠራተኞች፣ ሁለቱም ሙሉ ሴቶች ናቸው። በ2022 የጃፓኑ ብሔራዊ ጣቢያ ኤን ኤች ኬ ድራማ አድርጎ አሳይቶታል። ማንጋው ብዙ ገጽ የሚሰጠው ለሩዝ፣ ለሾርባና በጉጉት ለሚጎረስ ጉርሻ ነው፤ ቅጾቹ እየገፉ ሲሄዱም ሁለቱ አብረው የሚኖሩበት የኪራይ ቤት መፈለግ ይጀምራሉ።