መንተባተብና የንግግር ድምፆች እድገት በሕፃናት

መንተባተብ ተናጋሪው ሊል የፈለገውን ቃል እያወቀ ንግግሩ ያለፈቃዱ የሚቆራረጥበት ሁኔታ ነው። የቃሉ መጀመሪያ ይደጋገማል («በ-በ-በሬ»)፣ አንድ ድምፅ ይጎተታል («ስስስስልክ»)፣ ወይም አፍ ተከፍቶ ድምፁ አልወጣ ይላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ሲሆን፣ ከ100 ሕፃናት 5 ያህሉን ይነካል። ከእነዚህ መካከል ከ4ቱ 3 ያህሉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይተዉታል። ይህ ዕድሜ ልጁ የቋንቋውን ድምፆች እየለየ የሚለምድበትም በመሆኑ፣ የድምፅ እድገቱ ስለ መንተባተቡ መጪ ሁኔታ ይናገር እንደሆነ ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ ጠይቀዋል።

ተብታባና ኮልታፋ

አማርኛ ሁለቱን ነገሮች በሁለት ቃል ይለያል። የሚንተባተብ ሰው ተብታባ ይባላል፤ አንዱን ድምፅ በሌላ እየለወጠ የሚናገር ደግሞ ኮልታፋ ነው። «ጠረጴዛ» ለማለት «ተለፔዛ» የሚል የ3 ዓመት ልጅ ይኮላተፋል እንጂ አይንተባተብም። በዕለት ተዕለት ንግግር ግን ልዩነቱ ይደበዝዛል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 4 ሙሴ ንግግር እንደሚቸግረው ሲያመለክት የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የተጠቀመው ቃል «ኮልታፋ» ነው፤ ብዙ አንባቢ ግን ሙሴን ተብታባ አድርጎ ይረዳዋል። አንድ ልጅ ሁለቱንም ሊሆን ስለሚችል ቃላቱን ማምታታት ለሕክምናም እንቅፋት ይሆናል።

የድምፆች አመጣጥ

በአብዛኞቹ ቋንቋዎች እንደ መ፣ በ እና ነ ያሉ ድምፆች ቀድመው ይመጣሉ፤ ረ እና እንደ ሰ፣ ሸ ያሉ ድምፆች ይዘገያሉ። አማርኛ በዚህ ላይ ጉሮሮ ተዘግቶ የሚወጡትን ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጰ እና ጸ ይጨምራል። ትንንሽ ልጆች «ጠ»ን በ«ተ»፣ «ቀ»ን በ«ከ» ቢለውጡ አያስደንቅም።

ሌላው የአማርኛ ጠባይ መጥበቅና መላላት ነው። «አለ» ሲላላ «ተናገረ» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ግን መኖርን ያመለክታል። «ገና»ም ላልቶ ጊዜን፣ ጠብቆ በዓልን ይገልጻል። ፊደላችን ይህን ልዩነት ስለማያሳይ የልጅን ንግግር እንደሰሙት በጽሑፍ ለማስቀመጥ ተጨማሪ ምልክት ያስፈልጋል። ድምፅ መጎተት የመንተባተብ ምልክት ሆኖ ሳለ፣ ድምፅ ማርዘም ደግሞ የቋንቋው ሥርዓት ከሆነ ሁለቱ እንዴት ይለያሉ? አንዱ መለያ ቦታቸው ነው። በአማርኛ የቃል መጀመሪያ ድምፅ አይጠብቅም፤ መንተባተብ ግን በብዛት የሚከሰተው እዚያው መጀመሪያ ላይ ነው። ስለዚህ «ስስስስልክ» መጥበቅ ሊሆን አይችልም። እንደ «ሰባበረ» እና «ትንንሽ» ያሉ ቃላት ውስጥ ያለው ድግግሞሽም ሰዋስው እንጂ መንተባተብ አይደለም።

የጥናት ውጤቶች

በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ኢሁድ ያይሪና ኒኮሊን አምብሮዝ መንተባተብ የጀመሩ ሕፃናትን ለዓመታት ተከታትለዋል። ከኢሌን ፔደን ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት 84 ሕፃናት ነበሩ፤ 62ቱ በኋላ ሲድኑ 22ቱ መንተባተባቸው ቀጥሏል። መንተባተቡ እንደጀመረ በተደረገው ምርመራ የቀጠለባቸው ልጆች በድምፅ እድገት በአማካይ ወደኋላ የቀሩ ነበሩ። ድምፆችን የሚለምዱበት ቅደም ተከተል ግን ከሌሎቹ ጋር አንድ ነበር፤ መንገዱ ያው ሆኖ ፍጥነቱ ነው የለያቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ ልዩነቱ እየጠበበ ሄደ። ስለዚህ ምልክቱ ጠቃሚ የሚሆነው በጊዜው ከታየ ነው፤ ልጁ 6 ዓመት ሲሞላው መመርመር ያንን መረጃ አይመልሰውም።

እ.ኤ.አ. በ2014 ካሮላይን ስፔንሰርና ክሪስቲን ዌበር-ፎክስ ተመሳሳይ ነገር አገኙ። የድምፅ አወጣጥ ፈተናና ትርጉም የሌላቸውን ቃላት (በአማርኛ ቢሆን «ገሉፋቶ» እንደማለት) የመድገም ችሎታ ማን እንደሚድን በመጠኑ ይጠቁማሉ። ይህ የቡድን አማካይ ነው፤ እየተኮላተፈ የዳነ ልጅ አለ፣ ድምፁ ጥርት ብሎ መንተባተቡ የቀጠለም አለ።

ምክንያቱ ምላስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1841 በርሊን ውስጥ ዲፈንባኽ የተባለ ሐኪም የተብታቦችን ምላስ በቀዶ ሕክምና ቢቆርጥም ዘዴው ብዙም ሳይቆይ ተትቷል። በአገራችን የሚደረገው እንጥል ማስቆረጥም ለመንተባተብ ፋይዳ የለውም፤ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ግን ያስከትላል። በዘር የመተላለፍ ድርሻው ከፍተኛ ነው። አሜሪካዊው ዌንደል ጆንሰን መንተባተብ የሚመጣው ወላጅ የልጁን ንግግር ሲነቅፍ ነው ብሎ ነበር፤ ይህ ሐሳብ ዛሬ ተቀባይነት ባይኖረውም ብዙ እናቶችን በከንቱ አስወቅሷል።

ሁለት ቋንቋ በሚሰማበት ሰፈር

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ ወደ ቡራዩና አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው አስኮ፣ ልጆች አማርኛና ኦሮምኛን ጎን ለጎን ሰምተው ያድጋሉ። ሁለት ቋንቋ መልመድ መንተባተብን አያመጣም። ቋንቋ ሲቀያይሩ ቃል ፍለጋ ማመንታትና «እ... እ...» ማለት ግን የተለመደ ስለሆነ ከመንተባተብ ጋር ሊምታታ ይችላል። በድምፅም እንዲሁ ነው፦ «ዘ» ከውጭ ከገቡ ቃላት በቀር በኦሮምኛ ስለሌለ፣ ቤቱ ኦሮምኛ የሚናገር ልጅ «ዛሬ»ን «ሳሬ» ቢል የእድገት መዘግየት ላይሆን ይችላል። መርማሪው ልጁን በሁለቱም ቋንቋ መስማት አለበት፤ በአንዱ ብቻ የተደረገ ምርመራ ጤነኛውን ልጅ ችግር አለበት ሊያስብል፣ ችግር ያለበትንም ሊያሳልፍ ይችላል።

መቼ እርዳታ ይፈለጋል

«ሲያድግ ይተወዋል» የሚለው አባባል ለአብዛኞቹ ልጆች እውነት ነው፤ ለየትኛው ልጅ እንደማይሠራ ግን አይናገርም። የሚያሳስቡት ምልክቶች በቤተሰብ መንተባተቡ ያልለቀቀው ሰው መኖሩ፣ ልጁ ወንድ መሆኑ፣ ዘግይቶ መጀመሩ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ አለመቀነሱና ከመኮላተፍ ጋር መምጣቱ ናቸው። እነዚህ ሲደራረቡ መጠበቅ አይመከርም። እስከዚያው ቤተሰቡ ልጁ ጀምሮ እስኪጨርስ ይስማው፤ ቃሉን አይጨርስለት፣ «ቀስ በል፣ ደግመህ በል» አይበለው፤ ወንድምና እህት ሲያፌዙበትም ዝም አይባል።

በትንንሽ ልጆች ላይ በደንብ ከተጠኑት ሕክምናዎች አንዱ በአውስትራሊያ ማርክ ኦንስሎና ባልደረቦቹ ያዘጋጁት የሊድኮም ዘዴ ነው፤ ወላጁ በባለሙያ እየተመራ በየቀኑ ልጁ ሳይንተባተብ ሲናገር ያመሰግነዋል። መኮላተፉ ለብቻው ይታከማል። በኢትዮጵያ የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ወጣት ሙያ ነው። በየካቲት 12 ሆስፒታል ከከንፈርና ላንቃ መሰንጠቅ ሕክምና ጋር ተያይዞ ሲሰጥ ቆይቷል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ትምህርቱ ተጀምሯል። የባለሙያው ቁጥር ጥቂት በመሆኑ ብዙ ወላጆች በመጀመሪያ የሚያገኙት የጤና ጣቢያ ነርስ ወይም የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነው።